ቁጥሩ አደባባይ ይውጣ፣ ስሙ መጋዘን ይቅር

ከዝግጅት ክፍሉ



በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ማኅበር ሲያቋቁም ሁለት ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምረው አይለዩትም። አንደኛው «ያዋጣነው ገንዘብ የት ደረሰ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ጮክ ተብሎ አይጠየቅም፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ወደ አዳራሹ ይገባል። እሱም «ስሜስ የት ይደርሳል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ያልመለሰ ማኅበር በሐሜት ይፈርሳል። ሁለተኛውን ያልመለሰ ደግሞ አባል አያገኝም፤ ቢያገኝም ሰው አገር ቤት የቀሩትን እናቱንና ወንድሙን እያሰበ በቅጽል ስም ይመዘገባል።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ድሮ በአንድ ደብተርና በአንድ ገንዘብ ያዥ ይመለሱ ነበር። ዛሬ ግን ደብተሩ ክላውድ ላይ ወጥቷል። የማኅበሩ መዝገብ በርቀት በሚገኝ የመረጃ መጋዘን ይቀመጣል፣ የማኅበሩ ድረ ገጽ ኮድ በማይጠይቅ መሥሪያ ይገነባል፣ ሁለቱን ደግሞ ሎው ኮድ የሚባለው የአውቶሜሽን መሣሪያ ያገናኛቸዋል። ፕሮግራም ጽፎ የማያውቅ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል። ሥራው እጅግ ቀላል መሆኑ ጥቅሙም አደጋውም ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን፣ ዛሬ አሠራሩን ከነገደሉ ልናስረዳችሁ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፒዲኤፍ ዘመን ወዲህ

የቆዩ አንባቢያን ያስታውሳሉ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በስደት የሚዘጋጁ ድረ ገጾች የአማርኛ ጽሑፍ የሚያወጡት በፒዲኤፍ ወይም በሥዕል መልክ ነበር። አንባቢው ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ በፊደሉ ምትክ የሚታየው ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ምልክት ነበርና። የማኅበር ድረ ገጽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ ነበር። እሱ ፈተና ሲደርስበት፣ ሲያገባ ወይም ሲኮርፍ ድረ ገጹም አብሮ ይሞታል። «ሪፖርቱ በቅርቡ ይወጣል» የሚል ማስታወቂያ ሁለት ዓመት ተለጥፎ የቆየባቸውን ገጾች ያላየ የለም።

እንግዲህ አዲሶቹ መሣሪያዎች የመጡት ይህንን ችግር ሊፈቱ ነው፤ በእርግጥም ፈተዋል። ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ እንያቸው።

ሦስቱ ዕቃዎች

የመጀመሪያው የመረጃ መጋዘኑ ነው። ጉግል ቢግኩዌሪ የተባለውን ያስተዋወቀው በ2010 ነው። ስኖውፍሌክ በ2012 ተመሥርቶ በመስከረም 2020 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከሶፍትዌር ኩባንያዎች ሁሉ ትልቁን ሽያጭ አስመዝግቧል። አማዞንም ሬድሺፍት የሚባል አለው። መጋዘን የተባለው በከንቱ አይደለም። የተለመደው ዳታቤዝ መረጃን በረድፍ ያስቀምጣል፤ የአንድ ሰው ስም፣ ስልክና መዋጮ ጎን ለጎን ይተኛሉ። መጋዘኑ ግን በዓምድ ነው የሚያስቀምጠው፤ የሁሉም ሰው መዋጮ በአንድ ወገን፣ የሁሉም ሰው ቀን በሌላ ወገን ይከማቻል። በመሆኑም «በአሥር ዓመት ውስጥ በየወሩ ስንት ገባ?» ብለው ቢጠይቁት ስሙንና ስልኩን ሳይነካ ሁለቱን ዓምዶች ብቻ አንብቦ በሰከንዶች ይመልሳል። ለትንሽ ማኅበር ዋጋውም አያስፈራም። ቢግኩዌሪ በየወሩ እስከ 10 ጊጋባይት ክምችትና እስከ አንድ ቴራባይት ንባብ በነጻ ይሰጣል።

ሁለተኛው የድረ ገጽ መሥሪያው ነው። ዊክስ ከ2006፣ ዌብፍሎው ከ2013 ጀምሮ ያሉ ናቸው። ሰውየው በመዳፊት እየጎተተ ገጹን ይሠራል። ዋናው ቁም ነገር ግን ከገጹ ጀርባ «ስብስብ» የሚባል ትንሽ ሠንጠረዥ መኖሩ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ያለው ሲለወጥ ገጹም ይለወጣል።

ሦስተኛው ድልድዩ ነው። ዛፒየር ሥራ የጀመረው በ2011 ሲሆን ከ7 ሺህ በላይ አገልግሎቶችን እርስ በርስ ያገናኛል። ሜክ የሚባለው ፕራግ ከተማ ውስጥ ኢንቴግሮማት በሚል ስም ተወልዶ በ2022 ስሙን የለወጠ ነው። በ2019 በርሊን የተጀመረው ኤን ኤይት ኤን ደግሞ ከፈለጉ በራስዎ ሰርቨር ላይ ሊጭኑት የሚችሉት ነው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ዘዴ ነው። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ» የሚል ትእዛዝ በሣጥንና በቀስት ይሳላል። ቀሪውን ማሽኑ ይጨርሰዋል።

አሠራሩ በምሳሌ

አባላቱ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የተበተኑ አንድ የመረዳጃ ማኅበር አለ እንበል። መዋጮው በባንክ፣ በፔይፓልና በዜል ይመጣል። ገንዘብ ያዧ ሁሉንም ወደ መጋዘኑ ታስገባለች። ሠንጠረዡ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ከተማ፣ መጠን፣ ቀንና «አስተያየት» የሚል ዓምድ አለው። አስተያየቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ፤ «ባሏ እንዳያውቅ»፣ «አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ስሙ አይጠራ» የሚል ዓይነት ነገር ነው።

ማኅበሩ የሚፈልገው ድረ ገጹ ላይ «በዚህ ወር ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ» የሚል ሠንጠረዥ በየቀኑ ራሱን እያደሰ እንዲታይ ነው። ድልድዩ ሌሊት ሌሊት መጋዘኑን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱን ይዞ ወደ ድረ ገጹ ስብስብ ይሄዳል፣ ረድፎቹን ያድሳል፣ ገጹን ያትማል። ሥራው ይኸው ነው። ይሁንና በዚህች አጭር መንገድ ላይ ሰው የሚደናቀፍባቸው ድንጋዮች አሉ።

አንደኛ፣ ጎብኚ በመጣ ቁጥር መጋዘኑን መጠየቅ አይገባም። ቢግኩዌሪ ከነጻው ገደብ በላይ የሚያስከፍለው ባነበበው መጠን ሲሆን፣ አንድን ሠንጠረዥ ለትንሽ ነገርም ቢነካው ቢያንስ 10 ሜጋባይት እንዳነበበ ይቆጥራል። አንድ ወሬ ተሰምቶ ሃምሳ ሺህ ሰው በአንድ ቀን ገጹን ቢከፍት ሂሳቡ በገጹ ጎብኚ ልክ ይወጣል። በቀን አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ግን ጎብኚው አሥርም ይሁን አሥር ሺህ ያው አንድ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ድልድዩ ሥራውን እንደገና ሲሞክር፣ መለያ ከሌለ የመስከረም ወር ገቢ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ማኅበሩ 8 ሺህ ዶላር ሰብስቦ ድረ ገጹ 16 ሺህ ቢል፣ «ቀሪው 8 ሺህ የት ገባ?» የሚለውን የሚቀጥለውን ስብሰባ መገመት አያዳግትም። መለያ ካለ ግን ድልድዩ «ይህች ረድፍ አለች ወይ?» ብሎ አይቶ ካለች ያድሳታል፣ ከሌለች ይፈጥራታል።

ሦስተኛ፣ የፊደላችን ነገር አለ። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሥላሴና ስላሴም እንዲሁ። ባንኩ የላከው የላቲን አጻጻፍ ሲጨመርበት አንድ አባል አምስት ይሆናል። ስለዚህ ሰውን በስሙ ማዛመድ ትቶ ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር መስጠት ግድ ነው። ቀደም ባሉት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የአባላት ዝርዝር ካለ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጥ መጋዘን ከገባ የሚወጣው ያ የድሮው ዝብርቅርቅ ነው።

አራተኛ፣ የዘመን አቆጣጠሩ። ጳጉሜን 3 ቀን የተከፈለ መዋጮ በ13ኛው ወር የተከፈለ ነው፤ መጋዘኑ ደግሞ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅምና ረድፉን ይጥለዋል ወይም ባዶ ያደርገዋል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያው ለአንባቢ በሚታየው ገጽ ላይ ብቻ ይጻፍ። ይህን ያላደረገ ማኅበር በየዓመቱ የአምስት ወይም የስድስት ቀን ገቢ ይጎድልበታል፤ ምክንያቱን ሲፈልግም ገንዘብ ያዧን ይጠረጥራል።

ስሙ የት የት ይቀራል?

እስካሁን ያልነው የሥራ ጥራት ጉዳይ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሎው ኮድ መሣሪያዎች ሲገናኙ ሁልጊዜ የሚቀናቸው ረድፉን እንዳለ ማንሣት ነው። የሚፈልጉት መጠኑንና ቀኑን ብቻ ቢሆንም፣ «ይህን ሠንጠረዥ አንብብ» ሲባል ድልድዩ ስሙንም፣ ስልኩንም፣ ያንን «አስተያየት» የተባለውንም ጭኖ ይነሣል። ሰውየው ድረ ገጹ ላይ የሚታየውን ብቻ ስለሚመለከት ስሙ የቀረ ይመስለዋል። አልቀረም። አንደኛ፣ ድልድዩ የሠራውን ሥራ ሁሉ በታሪክ መዝገቡ ይይዛል፤ ሥራው ሲበላሽ ለማየት እንዲመች ያለፈበትን መረጃ ቅጂ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ ዓምዱ ወደ ድረ ገጹ ስብስብ ተልኮ እዚያ «ደብቅ» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ድረ ገጽ ላይ የተደበቀ ጽሑፍ ግን ለዓይን ነው የተደበቀው፤ የገጹን ምንጭ መክፈት የሚያውቅ ማንም ሰው ያነበዋል።

በመሆኑም ስሙ መቆረጥ ያለበት መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ድልድዩ ላይ ወይም ገጹ ላይ ከደረሰ በኋላ ዘግይቷል። ቢግኩዌሪም ሆነ ስኖውፍሌክ «ቪው» የሚባል ነገር አላቸው። ይህም እንደ መስኮት ነው። በመስኮቱ የሚታየው ወርና ድምር ብቻ ይሆናል። ለድልድዩ የሚሰጠው ቁልፍ መስኮቱን ብቻ የሚከፍት ከሆነ፣ ድልድዩ ቢሰበርም፣ ቢሰረቅም፣ ያቋቋመው ልጅ ቢሳሳትም የሚወጣው ድምር ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልእክት ተጨምቆ ይህችው ናት።

«ይህን ያህል ማጋነን ምን አስፈለገ?» የሚል ካለ፣ ከእኛ ማኅበሮች በገንዘብም በባለሙያም እጅግ የሚበልጡ ተቋማት በሦስቱም ዕቃዎች በኩል እንዴት እንደተበረበሩ እንይ።

ገጹ በኩል፦ 2021

የማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ ሠንጠረዥን ወደ ድረ ገጽ የሚለውጥ ሎው ኮድ መሣሪያ ነው። አፕጋርድ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች በግንቦት 2021 አንድ ነገር አስተዋሉ። በዚህ መሣሪያ ከተሠሩ ገጾች ጀርባ ያሉት ሠንጠረዦች ለሕዝብ ክፍት ነበሩ። ማንም የሰበረ ሌባ አልነበረም። የሠንጠረዥ ፈቃድ የሚባለው መቆጣጠሪያ ሲጀመር ጠፍቶ ስለሚመጣና ሠሪዎቹ ስላላበሩት ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ለማይክሮሶፍት ሲያመለክቱ በመጀመሪያ ያገኙት መልስ መሣሪያው የተሠራው እንዲያ እንዲሆን ታስቦ ነው የሚል ነበር።

በነሐሴ 2021 ይፋ ሲሆን 47 ተቋማትና 38 ሚሊዮን መዝገቦች ተቆጠሩ። የኢንዲያና ግዛት፣ የሜሪላንድ ግዛት፣ የኒው ዮርክ ከተማ፣ አሜሪካን ኤርላይንስ፣ ፎርድ፣ ማይክሮሶፍት ራሱም ሳይቀር አሉበት። የኮቪድ ንክኪ ክትትል፣ የክትባት ቀጠሮ፣ የሥራ አመልካቾች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሁሉ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ነበር። የኢንዲያና ጤና መሥሪያ ቤት 750 ሺህ ለሚጠጉ ነዋሪዎች ማሳወቅ ግድ ሆነበት። ማይክሮሶፍትም ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ከመነሻው በርቶ እንዲመጣ አደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

መጋዘኑ በኩል፦ 2024

በ2024 የጸደይ ወራት ሌቦች የስኖውፍሌክ ደንበኞችን መጋዘኖች አንድ በአንድ ገቡባቸው። የስኖውፍሌክን ሰርቨር አልሰበሩም። የሠራተኞችና የኮንትራክተሮች ኮምፒውተሮች ላይ ቀደም ሲል በሰረጉ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ቫይረሶች የተለቀሙ ቃሎችን ነው የተጠቀሙት። ጉዳዩን የመረመረው ማንዲያንት በሰኔ 2024 እንዳስታወቀው 165 ያህል ድርጅቶች አደጋ ላይ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተነግሯቸዋል። ከተሰረቁት ቃሎች አንዳንዶቹ ከ2020 ጀምሮ ያልተለወጡ ነበሩ። የተገባባቸው አካውንቶች ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበራቸውም።

ከተጎዱት አንዱ ኤቲ ኤንድ ቲ ነው። በሐምሌ 2024 ኩባንያው እንዳመነው ከግንቦት እስከ ጥቅምት 2022 ድረስ ሁሉም ማለት ይቻላል የሞባይል ደንበኞቹ ለማን እንደደወሉና ለማን መልእክት እንደላኩ የሚያሳይ መዝገብ ተወስዷል። የተነጋገሩት ነገር አልተወሰደም። ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ለክፉ ሰው በቂ መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ስለ ይለፍ ቃል ባይሆንም፣ ከዚህ የተሻለ የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራሪያ አላየንም።

ድልድዩ በኩል፦ 2025

ድልድይ ወደ ሁለቱም ወገን የሚገባው ቶክን በሚባል ቁልፍ ነው። ቶክን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥርም አይጠይቅም፤ የያዘው ሁሉ ይገባል። በነሐሴ 2025 በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ሌቦች ድሪፍት ከተባለ የሴልስሎፍት ኩባንያ የውይይት መሣሪያ ቶክኖችን ሰርቀው፣ መሣሪያው የተገናኘባቸውን የሴልስፎርስ መዝገቦች ገለበጡ። ከ700 በላይ ድርጅቶች ተጎዱ። ከእነዚህም መካከል ክላውድፍሌርና ፓሎ አልቶ ኔትዎርክስ የመሳሰሉ ሥራቸው ራሱ የሌሎችን ደኅንነት መጠበቅ የሆኑ ኩባንያዎች ይገኙበታል። የራሳቸው በር ተዘግቶ ሳለ ለድልድዩ የሰጡት ቁልፍ ነው ያስበላቸው።

ልብ በሉ። በሦስቱም ጊዜ የረቀቀ ጥበብ አላስፈለገም። አንዱ ያልተጫነ ቁልፍ ነው፣ አንዱ ያልተለወጠ የይለፍ ቃል ነው፣ አንዱ በሌላ ሰው እጅ የቀረ መክፈቻ ነው።

ለእኛ ለምን ይብሳል?

ለአሜሪካዊው ሸማች ስሙ ቢወጣ የሚደርስበት የማጭበርበሪያ ስልክና ያላዘዘው የክሬዲት ካርድ ነው። በስደት ለሚኖር፣ ፖለቲካ ውስጥ ለሚሳተፍ ሰው ግን ሌላ ሂሳብ አለ። ይህን በጥርጣሬ የምንናገረው አይደለም፤ የተመዘገበ ታሪክ አለው።

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በመጋቢት 2013 ባወጣው ጥናት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ ፊንስፓይ የተባለ መሰለያ ሶፍትዌር አጋልጧል። በየካቲት 2014 ደግሞ በቤልጂየምና በሰሜን ቨርጂኒያ ይሠሩ የነበሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም ከተባለው የጣሊያን ኩባንያ በተገዛ መሣሪያ እንደተነጣጠረባቸው አሳየ። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ ቢከስም፣ በመጋቢት 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥት አይከሰስም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በፍርድ ቤት ማስመለስ ካልተቻለ ቀድሞ መጠንቀቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በታኅሣሥ 2017 የወጣው ነው። ሲትዝን ላብ በዚያ ጥናቱ ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ መሣሪያ በ20 አገሮች ያሉ ሰዎች ላይ መዋሉን ገለጸ። እንዴት አወቀ? የሰላዮቹ ሰርቨር የሥራ መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ትቶት ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንን የተረሳ ፋይል ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ብለው ሲያነቡት ከረሙ። እንግዲህ በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ የስለላ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ክፍል መዝገቡን አደባባይ ረስቶ ከሄደ፣ በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራ የማኅበር ጸሐፊ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት።

መንግሥት ይለወጣል፣ ወዳጅና ጠላት ቦታ ይቀያየራሉ፤ ዛሬ ስሙን ማንም የማይፈልገው ሰው ነገ ሊፈለግ ይችላል። የወጣ ዝርዝር ግን አይመለስም። ገጹን ቢያጠፉትም የፍለጋ ሞተሮችና የኢንተርኔት ማኅደሮች ቅጂ ይዘውታል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

አንድ ሌላ ያልታሰበበት ነገር እንጨምር። ድምር ራሱ አንዳንዴ ስም ይሆናል። ድረ ገጹ «ሪያድ፦ 1 አባል፣ 500 ዶላር» ብሎ ከጻፈ፣ በሪያድ ያለው ወገናችን ማን እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪ ዋስትና የሚኖር ሰው እንዲህ ያለ ነገር የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ከአሥር ሰው በታች የሆነ ከተማ ለብቻው አይጻፍ፤ «ሌሎች ከተሞች» በሚል ይጠቃለል። ይህንንም መስኮቱ ራሱ እንዲያደርገው ማዘዝ ይቻላል።

ሕጉስ ምን ይላል?

አውሮፓ ላሉ ማኅበሮች ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ አለ። የፖለቲካ አመለካከት፣ ሃይማኖትና የዘር ምንጭ ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ወገን ናቸው። የአንድ የፖለቲካ ድርጅት ወይም የአንድ ደብር አባላት ዝርዝር በራሱ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። መረጃ አፈትልኮ ሰዎችን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ባለሥልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊያውቅ ይገባል። «እኛ ትንሽ ማኅበር ነን» የሚለው አያድንም። ኢትዮጵያም በበኩሏ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለማኅበር ጸሐፊዎች፣ ለገንዘብ ያዦችና ለድረ ገጽ አዘጋጆች የምንመክረው ይህ ነው።

1. ከመጋዘኑ ወደ ድልድዩ የሚወጣው መስኮቱ ብቻ ይሁን፤ ዋናውን ሠንጠረዥ የሚነካ ቁልፍ ለድልድዩ አይሰጥ። ቁልፉም ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችል።

2. «አስተያየት» የሚለው ዓምድ ይጥፋ። የማያስፈልግ ነገር ካልተጻፈ አይሰረቅም። ልደት፣ የትውልድ ቦታና የአባት አያት ስም ለመዋጮ ምን ያደርጋሉ?

3. መጋዘኑ፣ ድልድዩ፣ ድረ ገጹና ይለፍ ቃል የሚመለስበት ኢሜይል አራቱም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይኑራቸው። አንዱ ከቀረ ሌሎቹ ከንቱ ናቸው።

4. ድልድዩ የተከፈተው በማን ስም ነው? በአንድ ልጅ የግል ኢሜይል ከሆነ፣ ልጁ ከማኅበሩ በተለየ ዕለት ቁልፉን ይዞ ይሄዳል። በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት። የአመራር ለውጥ ሲደረግ የባንክ ፊርማ እንደሚለወጠው ሁሉ ቶክኑም ይለወጥ።

5. የድልድዩ የታሪክ መዝገብ ለስንት ቀን እንደሚቆይ ይታይ፤ ማሳጠር ከተቻለ ይጠር።

6. ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ከማያውቁት ኮምፒውተር፣ ሳይገባ፣ ገጹን ከፍቶ ምንጩን ይመልከት። አንድ የአባል ስም ፈልጎ ካገኘ ገጹ ዛሬውኑ ይዘጋ።

7. ድልድዩ ሲሰበር የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ለሁለት ሰዎች ይላክ፤ ገጹም «መጨረሻ የታደሰው በዚህ ቀን ነው» የሚል ይኑረው። ያረጀ ቁጥር እንደ ትኩስ ሆኖ መታየቱ ራሱ ሐሜት ይወልዳል።

«ወደ ደብተር እንመለስ» ለሚሉ

ይህን ሁሉ ያነበበ አንዳንድ ሰው «እንግዲያውስ ይቅርብን፤ በደብተር እንጻፍ» ይል ይሆናል። አንስማማም። ደብተሩ ያለበት ሻንጣ ሲጠፋ፣ ገንዘብ ያዡ ሲሞት፣ ሁለት ወገን ሆነው ሲጣሉ አንዱ ደብተሩን ይዞ ሲሰወር አይተናል። በስደት ስንት ማኅበር የፈረሰው በስለላ ሳይሆን «ብሩ የት ገባ?» በሚል ጥያቄ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከሜልበርን እስከ ሚኒያፖሊስ ያለ አባል ጠዋት ቡናውን ይዞ የማኅበሩን ሂሳብ ማየት ከቻለ፣ አመራሩም ይጠነቀቃል፣ አባሉም ያምናል። ይህን በር መዝጋት ለሐሜት ሌላ በር መክፈት ነው።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «የሰጠነውን በስማችን ይጻፉልን፤ የምንፈራው ነገር የለም» ይላሉ። መብታቸው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በጽሑፍ ይፍቀድ፤ ስሙም በፈቀደው ሌላ ሠንጠረዥ ይቀመጥ። ነገር ግን የደፋሮቹ ድፍረት ዝም ያሉትን ማጋለጫ እንዳይሆን። መቶ ሰዎች ካዋጡ ዘጠናው በስም ተዘርዝረው አሥሩ «ስማቸው ያልተጠቀሰ» ቢባል፣ እነዚያ አሥሩ እነማን እንደሆኑ ከተማው በሳምንት ውስጥ ይለያቸዋል። የድምሩ ሠንጠረዥና የስሙ ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ባይቀመጡ ይመረጣል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። በስደት ላይ ያለ ማኅበር አጥሩ የአባላቱ እምነት ነው። ስሙንና አድራሻውን የሰጠ ሰው ከገንዘቡ የበለጠ ነገር ሰጥቷል፤ ገንዘብ ይተካል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ ላይ የሂሳብ ሪፖርት ሲቀርብ፣ «ገንዘቡ የት ደረሰ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «የድልድዩ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? የሚከፍተውስ መስኮቱን ነው ወይስ መጋዘኑን?» የሚመልስ ሰው ከጠፋ አጀንዳው እሱ ይሁን።

ቸር ይግጠመን።